ከተማ በክፉ ወሩ ይታያል

የእትዬ ለተብርሃንን ሞት የሰማሁት ከራሳቸው ስልክ ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ሥራ ቦታ፣ የአንዲት አሮጊት ጥፍር እየቆረጥኩ ሳለ ስልኬ ጠራ። ስማቸውን አየሁና ተውኩት። ደግሞ ጠራ፤ ደግሜ ተውኩት። ተኳርፈን ነበር። በትክክል ለመናገር ያኮረፍኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። በሦስተኛው "እሺ፣ ዛሬስ ምን ሊሉኝ ነው" ብዬ አነሳሁት።

"አንቲ ሐረግ፣ ሰምሃር ነኝ" አለች ልጃቸው። "በማሚ ስልክ ነው ኮል የማደርገው፤ ያንቺ ቁጥር እኔ ጋ የለም።" ከዚያ ዝም አለች። የቀረውን ዝምታዋ ነገረኝ።

የያዝኩት የአሮጊቷ እጅ ነበር፤ አጥብቄባት ኖሮ ቀና ብላ አየችኝ። መቀሱን አስቀመጥኩ። በዚያች ደቂቃ ትዝ ያለኝ ከእትዬ ለተ ጋር ያሳለፍኩት ሃያ ዓመት አልነበረም። በመጨረሻ የመለስኩላቸው ባዶ ሳህን ነው ትዝ ያለኝ። የሳህኑን ነገር በኋላ እደርስበታለሁ። በቅደም ተከተል ካልጻፍኩት አልጨርሰውም።

እዚህ ሲያትል በምንኖርበት ሕንፃ እሳቸው ሦስተኛው ፎቅ፣ እኔና ባለቤቴ ግርማቸው አንደኛው ፎቅ ነበርን። በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ሥራ ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። በሽተኛ እንዴት ሳያመው እንደሚገላበጥ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ከኤርትራውያን ወላጆች አሰብ ተወልደው እዚያው ያደጉ፣ አጭርና ቀጥ ያሉ ሴት ነበሩ። ሲቆጡ አማርኛቸው ውስጥ ትግርኛ ጣል ያደርጋሉ። ውሃ አጠገብ ሲደርሱ ሁልጊዜ የሚያደርጉት አንድ ነገር ነበረ፤ በጣታቸው የብረት አጥሩን ወይም የመኪናውን ጣራ ጠረግ ያደርጉና ጣታቸውን ይቀምሱታል። ሰው ያየኛል አይሉም። "ጨው አለው" ወይም "ውሸት ነው፣ ይሄ ሐይቅ ነው" ብለው ይፈርዳሉ።

በሕንፃችን ውስጥ ጡረታ የደረሰ ወይም የሲያትል የቤት ኪራይ ያንገፈገፈው ሰው ሁሉ አንድ ቀን "ባሕር አጠገብ ካለች ትንሽ ከተማ ልግባ" ይላል። እንዲህ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ እትዬ ለተ ነበር። ማንም አልሾማቸውም። ግን እሳቸው ሳያዩት ባሕር ዳርቻ ቤት የያዘ ሰው እንደማይበረክት ታይቷል።

ሕጋቸው ከልጅነታቸው የመጣ ነው። "አሰብን በጥር ያየ ሰው ገነት ናት ይላል" ይሉ ነበር። "ከደጋ የሚመጡ ሠራተኞች ጥር ላይ ይገቡና በደስታ ሚስቶቻቸውን ያስመጣሉ። እኛ ልጆቹ ደግሞ ሐምሌ ላይ ስንቱ ይቀራል እያልን እንወራረዳለን። ሐምሌ ሲገባ ሻንጣው ሳይዘጋ የሚሮጥ አባወራ አይቻለሁ። ከተማ የሚታየው በክፉ ወሩ ነው።"

እዚህ አገር ክፉው ወር የካቲት ነው ብለው ቆርጠዋል። የካቲት፣ ያውም ማክሰኞ።

"ለምን ማክሰኞ?" አልኳቸው አንድ ጊዜ።

"ቅዳሜማ የትም ከተማ ክቱን ለብሶ ነው የሚጠብቅሽ።"

መጀመሪያ ሱቅ ይገባል፤ ቲማቲሙ ጫን ተደርጎ ይታያል። ሒሳብ የምትቀበለው ሴት ሆስፒታሉ ስንት ደቂቃ እንደሚርቅ ትጠየቃለች፤ ሳታስብ ከመለሰች ጥሩ ነው፣ ማሰብ ከጀመረች ግን መንገዱን አታውቀውም ማለት ነው። ከዚያ ሊመሽ ሲል መኪና ውስጥ ተቀምጦ የአንድ መንገድ መስኮቶች ይቆጠራሉ። "ከአስር ቤት ስድስት ካልበራ ከተማ አይደለም" ይላሉ፤ "የሀብታም ዕቃ ቤት ነው።"

አቶ ሽኩር የሚባሉ ጎረቤታችን ባሕር ዳርቻ ሱቅ ሊከፍቱ ቋምጠው ነበር። ነሐሴ ላይ መንገደኛው ሲተራመስ አይተው ነው። እትዬ ለተ የካቲት ላይ፣ ማክሰኞ ወሰዷቸው። ሲመለሱ አቶ ሽኩር ደረጃው ላይ ቆመው ለእኛ አወሩልን። "አንድ ውሻ አገኘን። ከዋናው መንገድ ጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ውሻ። አሁን እኔ ለውሻው ምን ልሽጥለት፣ እትዬ?"

"ዣንጥላ" አሉ እትዬ ለተ።

ግርማቸው ያን ቀን እስኪያስለው ሳቀ። ግን የእሱም ልብ ባሕር ላይ ነበር። የአየር ማረፊያ መንገደኞችን ከመኪና ማቆሚያ የሚያመላልስ ባስ ሹፌር ነበር፤ ቀኑን ሙሉ እዚያው በዚያው ይዞራል። ባሕር ያየው ከሠላሳ ዓመቱ በኋላ፣ እዚህ አገር ነው። አንድ ነሐሴ ወደ ዌስትፖርት ሄደን ሱሪውን ጠቅልሎ እስከ ጉልበቱ ገባ፤ ቢጠራ ቢጠራ አይወጣም። ከዚያ ወዲህ ጡረታ በመጣ ቁጥር "ዌስትፖርት" ይል ጀመር። ከኦሎምፒያ አልፎ፣ አበርዲንን አልፎ፣ መሬቱ የሚያልቅበት ቦታ ነው። የዓሣና የሸርጣን ጀልባዎች ወደብ ነው።

"ነሐሴ ላይ ነው ያየኸው?" አሉት እትዬ ለተ። "ነሐሴ ላይማ እኔም ቆንጆ ነኝ።"

ስለዚህ የካቲት ሲደርስ፣ ማክሰኞ፣ ሦስታችን ሄድን። እሱ ይነዳል፣ እትዬ ለተ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ዝናቡ ከታኮማ ጀምሮ አላቋረጠም። በመንገድ ላይ "ሸርጣን የማንበላ ሰዎች የሸርጣን ከተማ ገብተን ምን ልንሆን ነው?" አልኩ።

"ጎረቤቶቻችን ይወዱናል" አለ ግርማቸው። "አንሻማቸውማ።"

እንደደረስን እትዬ ለተ የወደቡን አጥር ጠርገው ጣታቸውን ቀመሱ፤ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ነሐሴ ላይ ያየናቸው የአይስክሬም ሱቆች ተዘግተዋል። ወደቡ ግን ይሠራል። የሸርጣን ወጥመዶች እንደ ቤት ተቆልለው፣ ሰዎች ቢጫ የዝናብ ልብስ ለብሰው ይጯጯሃሉ። ሱቅ ገባን። ሒሳብ ተቀባይዋ "አበርዲን፣ ሠላሳ አምስት ደቂቃ፤ ነፋስ ካለ አርባ" አለች፣ ከሚዛኑ ቀና ሳትል። እትዬ ለተ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ።

ስንወጣ ግርማቸው የለም። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ገመድ ይጠግናል፤ ግርማቸው የገመዱን ሌላ ጫፍ ይዞለት ቆሟል። በዝናቡ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ያዘለት። ከማያውቀው ሰው ጋር ያን ያህል ሲያወራ በትዳራችን ዘመን አላየሁትም። በእንግሊዝኛው ያፍር የነበረ ሰው ነው። ያን ቀን አላፈረም።

የሚከራየውንም ቤት አየን። ቢጫ በር ያላት፣ አንዱ መስኮቷ ወደ ጀልባዎቹ የሚያይ ትንሽ ቤት ናት። ባለቤቱ ዓመቱን ሙሉ የሚቀመጥ ሰው ነው የምፈልገው፣ እስከ እሑድ ለሌላ አልሰጥም አለን። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በዚያው መንገድ መኪና ውስጥ ተቀምጠን መስኮት ቆጠርን። እትዬ ለተ በጣታቸው ይቆጥራሉ፣ ግርማቸው ትንፋሹን ይዟል።

"ስምንት" አሉ በመጨረሻ። "እዚህ ሰው ይኖራል።"

ግርማቸው መሪውን መታ መታ አደረገው፣ እንደ ከበሮ።

እኔ ከኋላ ተቀምጬ ፈርቼ ነበር። መንጃ ፈቃድ አለኝ፤ ሃይዌይ ነድቼ ግን አላውቅም ነበር። ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤተ ክርስቲያን፣ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ብቻ። የጭነት መኪና በጎኔ ሲመጣ እጄ ይደርቃል። እዚያ ግርማቸው ቢታመምብኝ በዚህ ዝናብ ማን ይነዳል? ብንሞት ሁለት ሰዓት ተነድቶ ልቅሶ የሚደርሰን ማን ነው? ስንመለስ መኪናዎቹ የሚረጩትን ውሃ እያየሁ ይህን አሰብኩ። "ግርማቸው፣ እኔ እፈራለሁ" ማለት ይቻል ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ መንገድ ነበረኝ። እሱ እያፏጨ ይነዳ ነበር፤ እኔ ፉጨቱን ላለማቋረጥ ዝም አልኩ።

በማግስቱ እትዬ ለተን ላውንድሪ ክፍሉ ውስጥ አገኘኋቸው፤ አንሶላ ያጥፋሉ። ሌላውን ጫፍ ያዝኩላቸው።

"እትዬ፣ ከተማው አይሆንም ብለው ይንገሩልኝ።"

"ይሆናል እኮ። ቆጠርን አይደል?"

"እኔ አልችልም። መንገዱን እፈራለሁ።"

"ታዲያ ራስሽ አትነግሪውም?"

"ብነግረው ለእኔ ብሎ ይተወዋል።"

"እንዲተወው አይደል የምትፈልጊው?"

"አዎ፤ ግን ያስተወችው እኔ ልሁን? ዕድሜ ልኩን ሲያየኝ ያንን ነው የሚያየው። የእርስዎን ቃል ያከብራል። አደራዎን።"

እንዲህ ያለ ነገር ስናደርግ ነው የኖርነው። ባልና ሚስት የማይነጋገሩትን በትልቅ ሰው በኩል ያስነጋግራሉ፤ ትልቅ ሰው ሲናገር ማንም አያፍርም፣ ማንም አይሸነፍም። እኔም ጥሩ ዘዴ ያገኘሁ መሰለኝ። እትዬ ለተ አንሶላውን አጥፈው ጨርሰው፣ ፈትተው እንደገና አጠፉት።

"እሺ፣ አነጋግረዋለሁ" አሉ። ምን ብለው እንደሚያነጋግሩት አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ዐርብ ማታ ግርማቸው ከሦስተኛ ፎቅ ወረደ። በሩ ላይ ተቀምጦ ጫማውን በቀስታ ፈታ።

"እትዬ ለተ እርጥበቱ ለጉልበትህ አይሆንም አሉኝ" አለ። "ሶ፣ ቀረ በቃ።"

ጉልበቱን እውነትም ያመው ነበር። ዘዴያቸው አስደነቀኝ። ፊቴን አሳዝኜ "ምን ይደረግ" አልኩት።

"ምን ይደረጋል" አለ እሱም።

ቅዳሜ ጠዋት ለቤቷ ባለቤት ደወለለት። ጉልበቱን በእንግሊዝኛ "ማይ ኒ" ሲል ከኩሽና ሰማሁት፤ "ማይ ኒ ኢዝ ኖ ጉድ።"

ከዚያ በኋላ ስለ ቤቷ አላነሳም። በየጠዋቱ ግን ባሱን ሊያስነሳ ከመውጣቱ በፊት ስልኩን አውጥቶ የዌስትፖርትን የአየር ሁኔታ ያያል። "ዛሬ እዚያ ፀሐይ ናት" ይለኛል። "እርጥበቱስ?" እለዋለሁ ምንም እንደማላውቅ ሆኜ። ይስቃል። ያን ሳቁን ያኔ አላስተዋልኩትም።

በሁለተኛው ዓመት መስከረም ላይ በሥራው ላይ ሞተ። ልቡ ነው። መንገደኞቹን አውርዶ ባዶ ባስ ይዞ ሲመለስ፣ ባሱን ዳር አስይዞ፣ ፓርክ አድርጎ፣ የአደጋ መብራቱን አብርቶ ነው ያገኙት። እንደዚያ ያደረገው ማንንም ላለማስቸገር እንደሆነ የሚያውቀው ሁሉ አወቀ። እትዬ ለተ በልቅሶው ሰሞን ከጎኔ አልተነሱም። የሚያስለቅስም የሚያጽናናም ቃል አልተናገሩም፤ መድኃኒቴን በሰዓቱ ይሰጡኛል፣ ፊቴን ያብሱልኛል፣ እንደ ሥራ ቦታችን።

በዐቢይ ጾም ላይ ነው ወደ ቤታቸው የወጣሁት። እሳቸውም ደክመው ነበር፤ ከሰፈራችን ሐይቅ ትንሽ ቁራጭ በምታሳየው መስኮታቸው አጠገብ ተቀምጠው ይውላሉ።

"እትዬ፣ ጾሙ ሳይወጣ አንድ ነገር ልናዘዝ" አልኳቸው። "በእኔ ምክንያት ዋሽተዋል። ይቅር ይበሉኝ።"

"ምን ብዬ ዋሸሁ?"

"የግርማቸውን ጉልበት።"

ከመስኮቱ ዘወር ብለው አዩኝ።

"ሐረግ፣ እኔ በባሕር ዋሽቼ አላውቅም።"

ከዚያ ነገሩኝ። "ያን ዐርብ መጣ። ከተማው ጥሩ ነው፣ እኔ ብሆን እገባ ነበር አልኩት። ሚስትህ ግን ፈርታለች፤ መንገዱን ነው የምትፈራው፤ ውረድና ራስህ ጠይቃት አልኩት።"

"ምን አለ?"

"ጫማውን ሲያይ ቆየ። 'ከጠየቅኳት እሺ ትለኛለች፤ እየፈራች እሺ ትለኛለች' አለ። ከዚያ 'ጉልበትህ ነው አሉኝ እላታለሁ። እንዳይነግሯት፣ አደራዎን' አለኝ።"

በየጠዋቱ ሲስቅ የነበረው ሳቅ ያኔ ገባኝ። "ምን ይደረግ" ስለው ፊቴን እያየ፣ ማስመሰሌን እያወቀ፣ "ምን ይደረጋል" ያለኝ ገባኝ።

"ለምን አልነገሩኝም?" አልኳቸው።

"አደራ አለኝ።"

"እኔም አደራ ብዬዎት ነበር። የእኔን ግን ነገሩት።"

"እውነትሽን ነው" አሉ። "የአንቺን አፈረስኩ፣ የእሱን ጠበቅኩ። ሁለታችሁን አንድ ክፍል አስገብቼ በሩን ከውጭ መቆለፍ ነበረብኝ። አላደረግኩም። ይቅር በይኝ፣ የኔ እናት።"

ይቅርታ ልጠይቅ የወጣሁት እኔ ነበርኩ፤ ይቅርታ የተጠየቅኩት እኔ ሆንኩ። አልመለስኩላቸውም። ተነሥቼ ወጣሁ። ከእሳቸው ሌላ የምቆጣው ሰው አልነበረኝም፤ ግርማቸው ሞቷል፣ ራሴ ጋ ደግሞ ገና አልደረስኩም ነበር።

ፋሲካ ላይ በሰምሃር እጅ ድፎ ዳቦ በሳህን ላኩልኝ። ዳቦውን በላሁ። ሳህኑን አጥቤ በፌስታል አድርጌ፣ ሳላንኳኳ፣ በራቸው እጀታ ላይ አንጠልጥዬ ወረድኩ። ባዶውን። የጎረቤት ሳህን ባዶውን አይመለስም፤ ሌላው ቢቀር አንድ ሎሚ ይደረግበታል። የእኛ ሰው ይህን ለማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። በሩን ሲከፍቱ እንደሚገባቸው አውቄ ነው ያደረግኩት። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ደወሉ፤ አላነሳሁም። ኩርፊያዬን ትንሽ ይቅመሷት፣ በሚመጣው ሳምንት እወጣለሁ እል ነበር። ሐሙስ ሆነ።

ለቅሶ ስገባ ሳህኑ ኩሽናቸው ውስጥ ከነፌስታሉ ተቀምጧል። ሰምሃር ወደዚያ እንዳየሁ አይታ "ማሚ ዶንት ተች አለችኝ" አለች። "ሐረግ ረስታ ነው፣ ስትመጣ ትሞላዋለች አለች። አይ ዶንት ኖው፣ ምን ማለቷ ነው?"

"አውቀዋለሁ" አልኳት። በአርባቸው ሞልቼ መለስኩት። ለማን እንደመለስኩት ግን አላውቅም።

በዚያው በጋ አንድ የማሽከርከር አስተማሪ ይዤ ሃይዌይ ተማርኩ። መጀመሪያ እስከ ፌደራል ዌይ፣ ከዚያ እስከ ታኮማ። የጭነት መኪና ሲመጣ አሁንም እጄ ይደርቃል፤ ግን ያልፋል። የጭነት መኪና የሚያልፍ ነገር መሆኑን ሳላውቅ ስድሳ ዓመቴ አልፏል።

ባለፈው የካቲት፣ ማክሰኞ፣ ብቻዬን ዌስትፖርት ሄድኩ። ሦስት ሰዓት ከሩብ ፈጀብኝ፤ ሰው ሁሉ ጡሩንባ እያሰማ አለፈኝ። የወደቡን አጥር ጠርጌ ጣቴን ቀመስኩ። ጨው አለው። ወጥመዶቹ እንደ ቤት ተቆልለዋል። ያን ሽማግሌ ፈልጌ አላገኘሁትም። ሊመሽ ሲል በዚያ መንገድ መኪናዬን አቆምኩና መቁጠር ጀመርኩ። አንድ። ሁለት። ቢጫዋ በር አሁን አረንጓዴ ተቀብታለች። ሰባት ላይ ስደርስ የዚያች ቤት በር ተከፈተና በእኔ ዕድሜ የምትሆን ፈረንጅ ሴት በዝናቡ ወደ እኔ መጣች። መስኮቴን ዝቅ አደረግኩላት። የጠፋሁ መስሏት ነው።

አልጠፋሁም አልኳት፤ ባለቤቴ እዚህ ቤት ሊኖር ፈልጎ ነበር አልኳት፣ በምችለው እንግሊዝኛ።

ወደ ቤቷ ዘወር ብላ አየችው፣ ከዚያ እኔን። "ታዲያ ለምን ሳይመጣ ቀረ?" አለችኝ።

ጉልበቱ፣ እርጥበቱ፣ ሁሉም ምላሴ ላይ መጣ።

"እኔ ፈርቼ ነው" አልኳት።

እጇን መስኮቴ ላይ ትንሽ አሳርፋ፣ መንገዱ ሳይጨልም እንድነሣ መክራኝ፣ በዝናቡ ተመልሳ ገባች። ወደ ጀልባዎቹ የሚያየው መስኮት በራ።

ስምንት።